የአሥር ወሩ፣ የሁለት ዓመቱና የማታው ኤምቢኤ ሲመረመሩ

ኤምቢኤ (በቢዝነስ አስተዳደር የሚሰጠው ማስተርስ) ሲተዋወቅ መጀመሪያ የሚነገረው የዓመቱ ብዛት ነው። ሁለት ዓመት በሙሉ ጊዜ፣ አንድ ዓመት የተጠጋጋ፣ ማታና ቅዳሜ ሁለት ዓመት ተኩል። ገዢውም ብዙ ጊዜ በዚያው ይወስናል፤ አጭሩ ለቸኮለ፣ ረጅሙ ጠንካራ ትምህርት ለሚፈልግ ይመስለዋል። በየወሩ ምን እንደሚሠራና ከየትኛው ወር በኋላ ትምህርቱ ብዙም እንደማይጨምር የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እዚህ የምናየው አራት ዓይነት ነው፦ የአሜሪካው የሁለት ዓመት፣ የአውሮፓው ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ወር፣ በኢንተርኔት የሚሰጠውና አዲስ አበባ ላይ በኤክስቴንሽን የሚማሩት። ፍርዳችንን ቀድመን እንናገር። የሥራ ዘርፉን ጨርሶ ለማይቀይር ሰው ሁለት ዓመቱ ይበዛበታል። በዘርፉ ለሚቆይ ሰው ደግሞ አንድ ዓመት ብቻ ቢፈጅም አጠቃላዩ ኤምቢኤ ብዙ ጊዜ ቦታውን የሳተ ግዢ ነው።

የሁለት ዓመቱ ልክ መጀመሪያ የተቆረጠው ለሌላ ዓይነት ተማሪ ነው። ዳርትመዝ ኮሌጅ የተክን ትምህርት ቤት በ1900 ሲከፍት፣ ሃርቫርድም በ1908 የኤምቢኤ ዲግሪን ሲጀምር (ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የሚጠበቀው በታሪክ፣ በቋንቋ ወይም በሳይንስ የተመረቀ፣ የሂሳብ መዝገብ ገልጦ የማያውቅ ወጣት ነበር። በ1959 በፎርድና በካርኔጊ ተቋማት ገንዘብ የተሠሩ ሁለት ጥናቶች የአሜሪካ የንግድ ትምህርት ቤቶችን ትምህርታቸው የላላ፣ ምርምራቸው የሳሳ ነው ብለው ወቀሷቸው። ከዚያ ወዲህ ስታቲስቲክሱ፣ ኢኮኖሚክሱና የሰው ባህርይ ጥናቱ በኃይል ገባና የመጀመሪያው ዓመት በግዴታ ኮርሶች ተሞላ፦ አካውንቲንግ፣ ፋይናንስ፣ ስታቲስቲክስ፣ ማይክሮ ኢኮኖሚክስ፣ ማርኬቲንግ፣ ኦፕሬሽን፣ ድርጅታዊ ባህርይ፣ ስትራቴጂ።

ይህን ዝርዝር ከአገራችን ዩኒቨርሲቲ በማኔጅመንት ወይም በአካውንቲንግ ከተመረቀ ሰው ትራንስክሪፕት ጎን አስቀምጡት። አብዛኛውን በስም ታገኙታላችሁ። ጥልቀቱ እኩል ነው ማለታችን አይደለም፤ ግን አንድ ጊዜ የተማሩትን መሠረታዊ አካውንቲንግ በዶላር ከፍሎ መድገም ከባድ ነው። ብዙ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የምታውቁትን ኮርስ በፈተና ወይም በትራንስክሪፕት ማስቀረት ይፈቅዳሉ። ማስቀረቱ ግን ቦታው በሌላ የምርጫ ኮርስ እንዲሞላ ያደርጋል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ክፍያውንም ዓመቱንም አያሳጥርም። በዚህ ረገድ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲው ኬሎግ አካሄድ ይሻላል፤ የንግድ መሠረታዊ ኮርሶችን ቀድመው ለወሰዱ ሰዎች የአንድ ዓመት ፕሮግራም ለብቻው አለው። የቢዝነስ ዲግሪ ያለው ሰው በማንኛውም ትምህርት ቤት መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ይህን ነው፦ የማውቀውን ሳልደግም የምገባበት መንገድ አላችሁ? ከኖረስ ገንዘቡን ይቀንሳል?

ሁለት ዓመቱ

የአሜሪካው ፕሮግራም ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ይጀምራል። አማካሪ ድርጅቶችና የኢንቨስትመንት ባንኮች መስከረምና ጥቅምት ላይ ግቢ ይመጣሉ፤ ተማሪው የመጀመሪያውን የፋይናንስ ፈተና ሳይወስድ የሥራ ልምድ ወረቀቱን እያስተካከለ ነው። ማመልከቻው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይገባል፣ ቃለ መጠይቁ ጥር ላይ ነው፣ ከዚያ ከሰኔ ጀምሮ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ኢንተርንሺፕ። ክረምቱ ሲያልቅ ብዙዎቹ የቋሚ ሥራ ግብዣ ይዘው ይመለሳሉ። ሁለት ዓመቱን ሁለት ዓመት የሚያደርገው ያ ክረምት ነው ብንል ብዙ አልተጋነነም። ኢንጂነር የነበረ ሰው ባንክ እንዲገባ፣ የሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ የነበረች ሴት አማካሪ እንድትሆን ቀጣሪው በሥራ ላይ የሚፈትንበት ሌላ አጋጣሚ የለም። ሁለተኛው ዓመት የምርጫ ኮርስ፣ ክበብና ጉዞ ነው። ደስ ይላል፤ መስከረም ላይ ሥራ በእጁ ለያዘ ሰው ግን ውድ ዕረፍት ነው።

አቀራረቡም መታወቅ አለበት። ሃርቫርድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪውን ወደ ዘጠና በሚጠጉ ሰዎች ክፍል ከፋፍሎ በኬዝ (ውሳኔ የሚጠይቅ የአንድ ድርጅት ታሪክ አንብቦ በመወያየት) ያስተምራል፤ ከውጤቱ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ክፍል ውስጥ የሚናገሩት ነው። በቀን ሁለት ወይም ሦስት ኬዝ አንብቦ፣ ቁጥሩን ሠርቶ፣ ጠዋት እጅ ማውጣት ይጠበቃል። መምህሩ ሲናገር ማስታወሻ እየያዘ ላደገ ተማሪ ይህ ከፋይናንሱ በላይ ይከብዳል። የሚረዳው ዘዴ ሙሉውን ኬዝ እኩል ማንበብ ሳይሆን መጀመሪያ ውሳኔውን መለየት (ማነው የሚወስነው? እስከ መቼ?)፣ ከዚያ አባሪ ሠንጠረዦቹን መሥራት፣ ከዚያ አንድ ቁጥር ያለበት አንድ ሐሳብ ይዞ መግባት ነው። ክፍለ ጊዜው በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ካልተናገሩት ሌላ ሰው ይናገረዋል።

ዋጋው፦ ታዋቂዎቹ ትምህርት ቤቶች ለትምህርት ብቻ በዓመት ከ70 ሺህ ዶላር በላይ ያስከፍላሉ፤ ከመኖሪያው ጋር ሁለቱ ዓመት ከ200 ሺህ ያልፋል። ይህን ከኪስ የሚከፍል ከኢትዮጵያ አይኖርም ማለት ይቻላል። ለአፍሪካ ዜጎች ከተዘጋጁት ዕድሎች ስታንፎርድ የሚሰጠው የአፍሪካ ኤምቢኤ ፌሎሺፕ ክፍያውን ይሸፍናል፤ በምላሹ ከምረቃ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ አህጉሩ ተመልሶ ቢያንስ ሁለት ዓመት መሥራትን ይጠይቃል። የሚያገኙት በጣም ጥቂት ናቸው፤ እንደ ዕቅድ ሳይሆን እንደ ሙከራ ያዙት።

በተማሪ ቪዛ ለሚሄዱ የዓመቱ ርዝመት ሌላ ትርጉምም አለው። በኤፍ-1 ቪዛ ላይ ያለ ተማሪ ከግቢ ውጭ በትምህርቱ መስክ ኢንተርንሺፕ ለመሥራት በመደበኛው ደንብ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት መማር አለበት። ስለዚህ የአሜሪካ የአንድ ዓመት ፕሮግራም ለውጭ ተማሪ ኢንተርንሺፕን ከሞላ ጎደል ይዘጋል፤ ይህ ብሮሹር ላይ በትልቁ አይጻፍም። ከምረቃ በኋላ ያለው የሥራ ፈቃድ አሥራ ሁለት ወር ነው፤ ዲግሪው ስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የኢንጂነሪንግና የሒሳብ ዘርፍ) ከተባለ ሃያ አራት ወር ይጨመራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኤምቢኤ በስሙ ስቴም አይሆንም፤ የሚወስነው ትምህርት ቤቱ ለቪዛ በሚሰጠው አይ-20 ሰነድ ላይ የሚጻፈው የትምህርት ዘርፍ ቁጥር ነው። 52.0201 አጠቃላይ የቢዝነስ አስተዳደር ነው፣ ስቴም አይደለም። 52.1301 ማኔጅመንት ሳይንስ ነው፣ ስቴም ነው። በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ሁለቱም ሊኖሩ ይችላሉ፤ ልዩነቱ የመረጣችሁት ትኩረት ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ቁጥሩን በኢሜይል ጠይቁ፣ መልሱንም አስቀምጡ።

አሜሪካ ለሚኖሩ ዜጎችና ግሪን ካርድ ላላቸው ደግሞ ሒሳቡ ሌላ ነው። ከሐምሌ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ግራድ ፕላስ የተባለው የመንግሥት ብድር ቀርቷል፤ የተለመደው የድኅረ ምረቃ ተማሪ የፌዴራል ብድር በዓመት 20,500 ዶላር፣ በጠቅላላው 100 ሺህ ዶላር ጣሪያ አለው። ኤምቢኤ ከፍ ያለ ጣሪያ ከተሰጣቸው እንደ ሕክምናና ሕግ ካሉ የሙያ ዲግሪዎች አይቆጠርም። ሁለት ዓመት ማለት 41 ሺህ ዶላር ብድር ነው፤ የቀረውን የግል ባንክ በወለድ ይሞላዋል። ለዚህ ሰው የማታው ፕሮግራም እንደገና ሊታሰብ ይገባዋል። አሠሪ ለሠራተኛው ትምህርት በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ከግብር ነፃ መክፈል ይችላል፤ ዓመት የሚባለውም የግብር ዓመቱ እንጂ የትምህርት ዓመቱ አይደለም። ነሐሴ ላይ ተጀምሮ በሦስተኛው የትምህርት ዓመት መጨረሻ ግንቦት ላይ የሚያልቅ የማታ ኤምቢኤ አራት የግብር ዓመቶችን ይነካል። ክፍያው በአግባቡ ከተከፋፈለ እስከ 21 ሺህ ዶላር ከግብር ነፃ ይሆናል። ክፍያውን ሁሉ በሁለት የግብር ዓመት ጠቅልሎ የሚጨርስ ግማሹን ያጣል። እዚህ ላይ ረጅሙ ያተርፋል። አንዳንድ አሠሪ ግን ከክፍያው በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ካልቆያችሁ ገንዘቡን መልሱ የሚል ውል አለው፤ እሱን ሳታነቡ አትፈርሙ።

አሥር ወሩ

በ1957 የተመሠረተው የንግድ ትምህርት ቤት ኢንሲአድ በፈረንሳይዋ ፎንቴንብሎና ሲንጋፖር ላይ ኤምቢኤውን በአሥር ወር ይሰጣል። አምስት ክፍለ ጊዜ ነው፣ እያንዳንዱ ሁለት ወር ገደማ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በግዴታ ኮርስ ይታጨቃሉ፤ ከሦስተኛው ጀምሮ የምርጫ ኮርስ ይገባል። ክፍያው 100 ሺህ ዩሮ ገደማ ነው። ለትምህርት ብቻ ሲታይ ከአሜሪካው ሁለት ዓመት ይቀንሳል፤ ትልቁ ቁጠባ ግን ደመወዝ ሳያገኙ የሚያልፈው ጊዜ ከግማሽ በታች መሆኑ ነው። ትምህርቱ ከሁለት ዓመቱ ያነሰ ነው የሚል ትችት ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ አይመስለንም። የቀነሰው ዕረፍቱና ክበቡ ነው።

ሆኖም የመግቢያው ወር ልዩነት አለው። ነሐሴ መጨረሻ የሚገባው ቡድን ሳያቋርጥ ሐምሌ ላይ ይመረቃል። ጥር ላይ የሚገባው ታኅሣሥ ላይ ይመረቃል፤ በመካከል የክረምት ዕረፍት ስላለው አጭር ኢንተርንሺፕ ይሠራል። ዘርፍ ለመቀየር የሚፈልግ ሰው ነሐሴ ላይ ከገባ የሚያስፈልገውን አንድ ነገር ከፕሮግራሙ ውስጥ አውጥቶ ገዛ ማለት ነው። በሌላ በኩል ወደ ቀድሞ አሠሪው የሚመለስ ወይም የራሱን ድርጅት የሚመራ ሰው ጥርን የሚመርጥበት ምክንያት የለውም።

አሥር ወሩ የማይሆነው «እዚያ ደርሼ እወስናለሁ» ለሚል ነው። መጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሳያልቅ የቀጣሪዎች ገለጻ ይጀምራል። ከመሄዳችሁ በፊት የምትፈልጉት የሥራ ዓይነት፣ አገርና ቢያንስ ሃያ የሚያናግሯችሁ ሰዎች በወረቀት ላይ ካልሰፈሩ አሥር ወሩ ኮርስ በማሳደድ ያልቃል። ኦክስፎርድና ካምብሪጅም ኤምቢኤያቸው አንድ ዓመት ነው፤ ይህ ምክር ለእነሱም ይሠራል።

ስለ መግቢያ ፈተናው አንድ ማስገንዘቢያ። አሁን የሚሰጠው ጂማት ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው፣ ሦስት ክፍል እያንዳንዱ 45 ደቂቃ፣ ውጤቱም ከ205 እስከ 805። በየቦታው «ቢያንስ 700» የሚለው የቆየ ምክር ለቀድሞው ፈተና ነበር፤ የዚያ 700 አሁን ከ645 ጋር ይቀራረባል። 645 አምጥቶ ያዘነ ሰው ካለ አይዘን።

ኤምቢኤ ወይስ ልዩ ማስተርስ?

የትኩረቱ ጥያቄ ከርዝመቱ ይበልጣል ብለን እናምናለን፤ ለኢትዮጵያ ደግሞ ጊዜው አሁን ነው። የካፒታል ገበያ አዋጁ 1248 በ2021 ወጣ፣ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2025 ሥራ ጀመረ፣ በዚያው ዓመት የባንክ ሥራ አዋጅ 1360 ለውጭ ባንኮች በር ከፈተ። ዓለም አቀፉን የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ያስገባው አዋጅ 847ም ከ2014 ጀምሮ አለ። አክሲዮን ዋጋ የሚተምን፣ የብድር ኪሳራን በአዲሱ ስሌት የሚያሰላ፣ የምንዛሪ ስጋትን የሚለካ ሰው በብዛት ያስፈልጋል። እነዚህን በአጠቃላዩ ኤምቢኤ ውስጥ በአንድ የፋይናንስ ኮርስና በአንድ የምርጫ ኮርስ መማር አይቻልም።

የእንግሊዙ ቺቭኒንግ የትምህርት ዕድል የትኩረቱን ምርጫ ቀላል ያደርገዋል። የአንድ ዓመት ማስተርስ ይከፍላል፣ ቢያንስ 2,800 ሰዓት (ሁለት ዓመት ገደማ) የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ሦስት ኮርስ ያስመርጣል፣ ጨርሳችሁ ሁለት ዓመት አገራችሁ እንድትሠሩ ያስገድዳል። ለኤምቢኤ ግን የሚከፍለው ትምህርት ክፍያ በ22 ሺህ ፓውንድ ይቆማል፤ ታዋቂዎቹ የእንግሊዝ ኤምቢኤዎች ከዚያ በብዙ ስለሚበልጡ ልዩነቱን ራሳችሁ ትሞላላችሁ። በፋይናንስ፣ በአቅርቦት ሰንሰለት ወይም በዳታ ትንተና የአንድ ዓመት ማስተርስ ከመረጣችሁ ያ ጣሪያ አይነካችሁም። ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ በነሐሴ ተከፍቶ በጥቅምት መጀመሪያ ይዘጋል። ሦስቱ ምርጫዎች ሁሉ ኤምቢኤ የሆኑበት ማመልከቻ ስንመለከት ቅር ይለናል።

ለኤምቢኤ ደግሞ የልምዱ መጠን ወሳኝ ነው። አምባ የተባለው የለንደኑ ዕውቅና ሰጪ ተማሪዎቹ ቢያንስ ሦስት ዓመት የሥራ ልምድ እንዲኖራቸው ይጠይቃል፤ ምክንያቱም ክፍሉ የሚማረው ከተማሪው ልምድ ነው። ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ኤምቢኤ የሚገባ ሰው የሚወስደው ስሙን ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ልምድ የሌለው ወይ ልዩ ማስተርስ ይማር፣ ወይ መጀመሪያ ይሥራ። አካውንታንት ከሆነ የሙያ ማረጋገጫ የሚያሰጡትን አሥራ ሦስቱን የኤሲሲኤ ፈተናዎች መጀመር፣ የኢንቨስትመንት ሰው ከሆነ ሲኤፍኤ የተባለውን የፋይናንስ ተንታኞች የሙያ ማረጋገጫ ሦስት ደረጃዎች መያዝ ከብዙ ኤምቢኤዎች የበለጠ የሚያስቀጥር ትኩረት ነው። ሁለቱም ከሥራ ሳይወጡ ይሠራሉ፤ ሲወድቁም የሚደገመው አንድ ፈተና ነው።

በኢንተርኔት

የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በ2016 ኮርሴራ በተባለው የኢንተርኔት ትምህርት መድረክ በኩል ኦንላይን ኤምቢኤ ጀመረ። 72 ክሬዲት ነው፣ ሲጀመር ዋጋው 22 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር፣ ጂማት አይጠይቅም። ተፈላጊነቱ ስለጨመረ በ2019 ዩኒቨርሲቲው የሙሉ ጊዜ የግቢ ኤምቢኤውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲም የራሱን የሙሉ ጊዜ ፕሮግራም ለመዝጋት ወስኖ ነበር። ለአሜሪካ መካከለኛ ትምህርት ቤቶች የሁለት ዓመቱ ዘመን እየተጠናቀቀ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚናገር የለም።

የይዘቱ ጥራት ጥሩ ነው፤ ችግሩ ከአዲስ አበባ ሲታይ ሌላ ነው። አንደኛ፣ ብር። እስከ ሐምሌ 2024 ድረስ ዶላር 57 ብር ገደማ ሲሆን 22 ሺህ ዶላር 1.25 ሚሊዮን ብር ነበር፤ በ130 ብር ሲሰላ 2.86 ሚሊዮን ይሆናል። ዲግሪው አልተወደደም፣ ደመወዙ ነው የቀነሰው። የሚከፈለው በየኮርሱ ከሆነ የምንዛሪው ለውጥ መሃል መንገድ ላይ ሊያስቆማችሁ ስለሚችል ባንካችሁ ለትምህርት የውጭ ምንዛሪ የሚሸጥበትን ሁኔታ ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ፤ የመቀበያ ደብዳቤና ኢንቮይስ መፈለጉ አይቀርም። ሁለተኛ፣ ሰዓት። ኢሊኖይ ላይ ከምሽቱ 1 ሰዓት የሚጀምር የቀጥታ ክፍል አዲስ አበባ ላይ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ በቀረው ጊዜ 10 ሰዓት። ሥራ ያለው ሰው ይህን በሳምንት ሁለት ሌሊት ለሁለት ዓመት ተኩል አይችለውም። ቀረጻውን ማየት ይቻላል፤ ግን የቡድን ሥራው ከቀጥታው ጋር የተያያዘ ነው። ጠዋት የሚሰጥ ክፍል ያለው ፕሮግራም ፈልጉ፣ ወይም በአውሮፓ ሰዓት የሚሰጥ።

የማታው፣ አዲስ አበባ ላይ

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ አብዛኛው አንባቢ የሚገዛው ይህን ነውና።

የኤክስቴንሽን ኤምቢኤ በመሠረቱ ጥሩ ሐሳብ ነው። የሚሠራ ሰው ከሥራ ሳይወጣ ይማራል፣ ማታ የተማረውን ጠዋት ይሞክራል። በ1990ዎቹ የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ለኢትዮጵያ ባለሥልጣናት በርቀት የሰጠው ኤምቢኤ ይህንኑ መሠረት ያደረገ ነበር፤ መለስ ዜናዊም በ1995 ከዚያ ተመርቀዋል። የዚያ አሰጣጥ ጥንካሬ የቤት ሥራዎቹ ተማሪው በሚሠራበት መሥሪያ ቤት ላይ የሚሠሩ መሆናቸው ነበር። የእኛ የማታ ፕሮግራሞች ሰዓቱን ወስደው ይህን ትተውታል።

ኮርሶቹ በሦስት ወይም በአራት ሴሚስተር ያልቃሉ፣ ብዙዎቹም አይከፉም። ጊዜውን የሚበላው ቴሲሱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ 6 ክሬዲት ነው፣ ማለትም የሁለት ኮርስ ያህል፤ በተግባር ግን አንድ ዓመት የሚወስድባቸው ብዙ ናቸው። ቅርጹን የሚያውቅ ሰው ርዕሱን ሳያይ ይገምተዋል፦ የአንድ ነገር ተጽዕኖ በሠራተኞች አፈጻጸም ላይ፣ በአንድ ባንክ። ሠራተኞቹ 1,200 ከሆኑ የናሙና መጠን የሚያሰላው የያማኔ ቀመር በ5 በመቶ ስህተት 300 ናሙና ይሰጣል። ከ1 እስከ 5 ደረጃ ያለው መጠይቅ ይበተናል፣ የመጠይቁን አስተማማኝነት የሚለካው ክሮንባክ አልፋ ከ0.7 በላይ ይወጣል፣ ተጽዕኖን የሚለካው ስሌት (ሪግሬሽኑ) የተመረጡት ምክንያቶች ሁሉ ጉልህና አዎንታዊ ተጽዕኖ እንዳላቸው ያሳያል። አምስተኛው ምዕራፍ ሥልጠና ይሰጥ ይላል። ማንም አያነበውም፤ ባንኩም ጭምር።

የሚጓተትበት ምክንያት ደግሞ ተማሪው ስለሰነፈ ብቻ አይደለም። ፕሮፖዛሉ እስኪጸድቅ ሳምንታት ያልፋሉ። የድጋፍ ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲው፣ ፈቃድ ከድርጅቱ የሰው ኃይል ክፍል ይፈለጋል። መጠይቁ በቅርንጫፎች ተበትኖ እስኪሰበሰብ ወር ያልፋል፣ ሳይሞላ የሚቀረውም ብዙ ነው። አድቫይዘሩ ብዙ ተማሪ ስላለበት አንድ ዙር አስተያየት ሁለት ሦስት ሳምንት ይወስዳል፣ ዙሩም ሦስት አራት ነው። ሴሚስተሩ ካለፈ የምዝገባ ክፍያ ይጨመራል። በዚህ ድካም መሃል ነው ቴሲስ በክፍያ እንጽፋለን የሚሉት ማስታወቂያዎች ገበያ የሚያገኙት። ዲፌንስ ላይ «ይህን ተለዋዋጭ ለምን መረጥህ?» ሲባል መልስ የሌለው ሰው ከየት እንደመጣ ለፈታኞቹ ግልጽ ነው።

ፕሮግራሙን የሚያሳጥረውም የሚያሻሽለውም አንድ ማስተካከያ አለ፦ 6 ክሬዲቱን ለሁለት መክፈል። 3 ክሬዲት ለአንድ ጥልቅ ልዩ ኮርስ፣ 3 ክሬዲት በራስ መሥሪያ ቤት ላይ ለሚሠራ፣ በአንድ ሴሚስተር ለሚያልቅ የፕሮጀክት ሪፖርት። ሃያ አምስት ገጽ ይበቃል። አንድ ቅርንጫፍ የብድር ማጽደቂያ ጊዜውን ከሃያ ቀን ወደ አሥር እንዴት እንደሚያወርድ የሚያሳይ ወረቀት ከመጠይቁ ይልቅ ይነበባል። ለዶክትሬት የሚዘጋጅ ተማሪ ቴሲሱን ይምረጥ፤ ሌላው ለምን ይገደዳል?

ደንቡ እስኪለወጥ ድረስ ግን ያለው ቴሲስ ነውና በአጭሩ የሚወጡበት መንገድ ይህ ነው። ርዕሱን በሁለተኛው ሴሚስተር ያዙ፣ ኮርስ ሲያልቅ አይደለም። መጠይቅን ትታችሁ ቀድሞ የተመዘገበ መረጃ ያለበትን ርዕስ ምረጡ፤ የሦስት ዓመት የተበላሸ ብድር መረጃ፣ የመጋዘን ወጪና ገቢ፣ የደንበኛ ቅሬታ መዝገብ። ስም የሌለበት፣ የተደመረ መረጃ እንደምትጠቀሙ ጽፋችሁ የድርጅቱን ፈቃድ በደብዳቤ አግኙ፤ በቃል የተሰጠ ፈቃድ ኃላፊው ሲቀየር ይጠፋል። አድቫይዘር ስትመርጡ ስንት ተማሪ እንደያዘ ጠይቁ፣ ዝናውን በሁለተኛ ደረጃ ተመልከቱ። ምዕራፍ በምዕራፍ እንጂ ሙሉውን በአንድ ጊዜ አታስገቡ።

ትኩረቱን በተመለከተ «ኤምቢኤ በፋይናንስ»፣ «ኤምቢኤ በፕሮጀክት ማኔጅመንት» የሚሉ ስሞች አያታልሏችሁ። የኮርስ ዝርዝሩን ተቀብላችሁ በእርሳስ ቁጠሩ። ከ36 ክሬዲት ውስጥ የዘርፉ ኮርስ 6 ወይም 9 ብቻ ከሆነ ስም ነው። ከ15 በላይ ከሆነ ትኩረት አለው። ከሁለቱ መሃል ያለ ከሆነ የሚያስተምረው ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ ገበያው ውስጥ የሚሠራ ሰው አንድ ኮርስ ቢያስተምር ለውጥ ያመጣል።

የግል ተቋም ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው ለተቋሙ ስም በጅምላ አይደለም። ፈቃዱ ለፕሮግራሙ፣ ለካምፓሱና ለአሰጣጡ ነው፤ በመደበኛና በማታ የተፈቀደ ፕሮግራም በርቀት ተፈቅዷል ማለት አይደለም፣ ቦሌ ያለው ፈቃድም መገናኛ ላለው አይሠራም። የምትማሩበትን ካምፓስና አሰጣጥ የሚጠቅሰውን የፈቃድ ወረቀት ዓይታችሁ ቀኑን ተመልከቱ። መግቢያው ላይ ደግሞ ከ2023 ወዲህ ብሔራዊው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለ። ያለ ፈተናው እንቀበላለን የሚላችሁ ቦታ ካለ ውጤቱ በኋላ ሲጠየቅ ማን እንደሚመልስ በጽሑፍ አስይዙት።

ወደ ውጭ ለሚያመለክቱ የሰነዱ ነገር የራሱን ጊዜ ይፈልጋል። የወጪ መጋራቱ ካልተጠናቀቀ ዩኒቨርሲቲው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይልክም፤ ቴምፖውን (ጊዜያዊ የምስክር ወረቀቱን) ይዞ ማመልከት ቢቻልም ለመመዝገብ አይበቃም። ስለዚህ ማመልከቻው ከመዘጋቱ አራት አምስት ወር በፊት ክፍያውን ጨርሱ፣ የክፍያ ማረጋገጫውን ያዙ፣ ከዚያ ሬጅስትራር ሂዱ። የቢዝነስ ዲግሪያችሁ ሦስት ዓመት በነበረበት ዘመን የተመረቃችሁ ደግሞ (የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ዳግም ከመግባታቸው በፊት ማለት ነው) አንዳንድ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የአራት ዓመት ዲግሪ ስለሚጠይቁ፣ የማመልከቻ ክፍያውን ከመክፈላችሁ በፊት የሦስት ዓመት ዲግሪ ይቀበሉ እንደሆነ በኢሜይል ጠይቁ። አውሮፓ ውስጥ የሦስት ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ የተለመደ ስለሆነ በዚህ ምክንያት የሚመልሷችሁ ያንሳሉ።